የማያውቁት ሰው ሻንጣ

ሰው አውሮፕላን ሊሳፈር ሲል ምን እንደሚነካው እንጃ። ቤቱ ተቀምጦ ውሃ ጠጣ ቢሉት ፊቱን የሚያዞር ሰውዬ፣ ፍተሻው ጋ ሲደርስ የውሃ ጠርሙሱን እንደ ሕፃን አቅፎ "ሞቼ ነው የምሰጠው" ይላል። ሻምፖዋን የተቀማችው ሴትዮ ፀጉሯን የተላጨች ያህል ታለቅሳለች። ደግሞ ሁሉም፣ አንድም ሳይቀር፣ "ባለፈው አሳልፈውኝ ነበር" ይላል። ያ ባለፈው ሁሉን ያሳልፍ የነበረ ደግ ፈታሽ የት እንዳለ እስከ ዛሬ ያየው የለም።

በዚያ ጠዋት ከእጅ ሻንጣ መፈተሻው ጠረጴዛ ኋላ የቆመችው ልጅ ይህን ሁሉ ለምዳዋለች። የለመደው ጆሮዋ ነው እንጂ እግሯ አይደለም፤ እግሯ ገና ከማለዳው ጫማው ውስጥ አብጦ ነበር። ጣቶቿ በጎማ ጓንቱ ውስጥ በላብ ተጨማድደዋል። በዩኒፎርሟ ኪስ እየሮጠች ስትመጣ ያልጨረሰችው ግማሽ ዳቦ በሶፍት ተጠቅልሎ ተቀምጧል። "በኋላ እበላዋለሁ" ትላለች ሁሌ፤ በኋላ የሚባለው ሰዓት ግን መጥቶ አያውቅም።

ከፊቷ አንድ ወፍራም ሰውዬ ትልቅ ጠርሙስ እርጎ ይዞ ሲሟገታት ቆየ። እርጎ ፈሳሽ አይደለም፣ ማንኪያ ያቆማል፣ ሐኪም ያዘዘለት ነው፣ የአክስቱ ልጅ ትልቅ ቦታ ይሠራል፤ ያላለው የለም። እሷም እንደ ልማዷ ድምጿን ሳታነሳ ደንቡን ነገረችው። ከመስመሩ ወዲያ የማያልፈውን ነገር ባለቤቱ እዚሁ ቆሞ መጠጣትም መብላትም ይችላል፤ ካልሆነ ወደ ቅርጫቱ ነው። ሰውዬው እልህ ያዘውና ጠርሙሱን አንስቶ አንደቀደቀው። ወረፋው ሥራውን ትቶ አየው። ጨርሶ ነጭ ጢም ካወጣ በኋላ አንዴ አግስቶ፣ "ይኸው አለፈ አይደል?" ብሎ ሆዱን መታ መታ እያደረገ ጫማውን ሊያጠልቅ ሄደ። ሌላ ቀን ቢሆን ከት ብላ ትስቅ ነበር። ዛሬ ለፈገግታ የሚሆን አቅም እንኳ አልነበራትም።

ባልደረቦቿ "ሽቶ" ነው የሚሏት። ሥራ በጀመረችበት ሰሞን አንዲት መንገደኛ ትልቅ ጠርሙስ ሽቶ አያልፍም ብትባል፣ "ውሰጂው እንግዲህ" ብላ ክዳኑን ከፍታ ደረቷ ላይ ደፋችባት። ዩኒፎርሙ ቢታጠብ ቢታጠብ ሽታው አልለቅ ብሎ ሰነበተ፤ ስሙ ደግሞ ጭራሽ ሳይለቅ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሽቶ የተቀባ ሰው በአጠገቧ ሲያልፍ ራሷን ያማታል።

ከጎኗ የማሽኑ ስክሪን ፊት የሚቀመጡት የፈረቃው ኃላፊ ደግሞ ጋሽ ማሽን ይባላሉ። ማሽኑ ሲተከል አብረው የተተከሉ ናቸው ይባላል። ዓይናቸውን ከስክሪኑ ስለማያነሱ ጎረቤታቸውን እንኳ የሚለዩት በቦርሳው ነው እየተባለ ይቀለድባቸዋል፤ እሳቸውም አይክዱም።

በአንድ ነገር ግን ጋሽ ማሽን ቀልድ አያውቁም። ሻንጣ የሚከፍት ፈታሽ የሚያውቀው መንገደኛ ከመጣበት፣ ዘመዱም ይሁን ጎረቤቱ፣ ወዳጁም ይሁን ባላንጣው፣ እጁን አንስቶ "የማውቀው ነው" ማለት አለበት። ከዚያ ከቢጫው መስመር ኋላ ይቆማል፤ ሻንጣውን ሌላ ሰው ይከፍተዋል። ለወዳጅ ማድላት፣ በጠላት ላይ ቂም መወጣት እንዳይኖር ነው። አንዱ ባልደረባቸው አንድ ቀን የቤት አከራዩ ሲመጣበት "የማውቀው ነው" ብሎ ከራቀ በኋላ፣ "አደራ፣ ጥሩ አድርጋችሁ ፈትሹልኝ" ብሎ ሁሉን አስቋቸዋል።

የጥርስ ሐኪሙ ሕይወቷ ውስጥ የገባው በዚሁ ጠረጴዛ በኩል ነው። በየጊዜው ወደ ሌላ ከተማ እየበረረ በአንድ ክሊኒክ ይሠራል። አንድ ቀን ጋሽ ማሽን ስክሪኑ ላይ ሰው የሚስቅባቸው መሰላቸውና፣ "ሽቶ፣ እዚህች ቡናማ ሻንጣ ውስጥ መንጋጋ አለ" አሏት። ብትከፍተው እውነትም ከጄሶ የተሠራ የጥርስ መማሪያ መንጋጋ ገጥጦ ተኝቷል፤ ከሥሩ ደግሞ ጥርስ የሚፋቅባቸው ሹል ሹል ብረቶች። መንጋጋው አለፈ፣ ብረቶቹ ቀሩ። ሐኪሙ አልተሟገተም። ከማለዳ ጀምሮ ያልተሟገታት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። ቆም ብሎ ፊቷን አየና፣ ሲደክማት ጥርሷን እንደምትነክስ፣ ማታ ማታም መንጋጋዋን ሳያማት እንደማይቀር ነገራት። እውነቱን ነው፣ ያማት ነበር። በዚያ ጠረጴዛ ፊት ያለፈው ሕዝብ ሁሉ ስሟን፣ አለቃዋን፣ ደንቡን ያወጣው ማን እንደሆነ ጠይቋታል፤ የት ያምሻል ያላት ግን አልነበረም። ማታ ቤቷ ገብታ መስታወት ፊት ቆማ አገጯን ስታሻሽ እህቷ አይታ፣ "አንቺ ልጅ ምን ነካሽ?" አለቻት።

እንግዲህ ፍቅር እንዲህ ጀመረ። መዋደዳቸው ከታወቃቸው በኋላ መጀመሪያ ወደ ፍተሻው የመጣ ዕለት፣ ያ ሁሉ ወረፋ ቆሞ እያየ፣ እጇን አነሳችና "የማውቀው ነው" አለች። ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ጋሽ ማሽን በሥራ ዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው የሰው ፊት አዩ ይባላል። እሱም ከጉዞው እንደተመለሰ፣ "እናቴ ማዕረጌን ነው ለሰው የምታወራው፤ በሰው ፊት አፏን ሞልታ 'አውቀዋለሁ' ያለችልኝ አንቺ ነሽ" አላት። ከዚያ ወዲህ በበረረ ቁጥር እጇ ይነሳል፣ ቃሏ ይሰማል፣ ከቢጫው መስመር ኋላ ትቆማለች፤ እሱም ሌላ ሰው ሻንጣውን ሲያገላብጥ ዓይኑን ከእሷ ላይ አይነቅልም። በመልመዷ ብዛት አንድ ነገር ሳታስተውል ቆየች፤ እሷ ስለ እሱ ይህን ያህል ጊዜ ስትናገር፣ እሱ ስለ እሷ በሰው ፊት አፉን ሞልቶ ተናግሮ አያውቅም።

የቤተሰቡ ነገር ነው። አባቱ በሕይወት ሳሉ ዳኛ ነበሩ። እናቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ትልቅ ትምህርት ቤት ያስተዳደሩ፣ ተማሪ ቀርቶ አስተማሪ ኮሪደር ላይ ሲያያቸው ሸሚዙን የሚያስተካክልላቸው ሴት ናቸው። ወንድሞቹ ሁሉ ዶክተር፣ መሐንዲስ ናቸው። እዚያ ቤት ያለ ድግሪ የሚገባ ድመቱ ብቻ ነው እያለ ራሱ ይቀልድ ነበር። ሽቶ ደግሞ ልብስ ሰፊ እህቷ ጋ ያደገች፣ የምትፈትሽ፣ ጓንት የምታጠልቅ ሴት ናት። እሱ ለእናቱ "አየር ማረፊያ ትሠራለች" አላቸው። እናቱ በራሳቸው ግምት ኃላፊ አደረጓት። እሱም አላረመም። ውሸት አልተናገረም፤ ዝም ነው ያለው።

እናትየው ዓይናቸውን ሊታከሙ መጥተው እሱ ዘንድ ሲያርፉ "በቃ አገናኛችኋለሁ" ብሎ ቃል ገባላት። ሽቶ የእህቷን ጥሩ ቀሚስ ተውሳ ተኮሰችው። ሲመሽ ስልኳ ላይ "እማዬ ዛሬ ደክሟታል፣ ነገ ይሻላል" የሚል መልእክት መጣ። ቀሚሱ ተሰቀለ። በማግስቱ ወረደ፣ ተተኮሰ፣ ተለበሰ፣ መልእክቱ መጣ፣ ተሰቀለ። ሰሞኑን ሁሉ እንዲሁ ሆነ። እህቷ መጀመሪያ "ይህን ቀሚስ ተኩሰሽ ልትጨርሺው ነው" እያለች ትቀልድባት ነበር፤ በኋላ መቀለዱንም ተወችው። የመጨረሻው መልእክት "ትንሽ ታገሺኝ" ብቻ ይላል።

ሽቶ ግን መታገሥ ታከታት። ሳትነግረው የከሰዓት ፈረቃዋን ከባልደረባዋ ጋር ተለዋውጣ በጠዋቱ ገባች። ዛሬ ማታ ማንም ሳይጠራት፣ ያንን ቀሚስ ለብሳ፣ አበባ ይዛ፣ በሩን ራሷ ልታንኳኳ ነው። ትላንት እስኪመሽ ቆማ ሠርታ ዛሬ በማለዳ የተመለሰችው ለዚህ ነበር። ድካሙን እንደ ስለት ነገር ተሸክማው ዋለች።

የእርጎው ሰውዬ ከሄደ በኋላ የወረፋው ጫፍ ላይ አንዲት ረዥም፣ ጥቁር መነጽር ያደረጉ፣ ቀጥ ብለው የሚራመዱ አሮጊት ታዩዋት። ከመነጽሩ ሥር የአንድ ዓይናቸው ፋሻ ይታያል። ክንዳቸውን የያዘው ሰው ቀበቶውን ፈትቶ ትሪው ላይ አኑሮ፣ በአንድ እጁ ሱሪውን ጨብጧል፤ ሰሞኑን ከስቶ ኖሮ አልቆምለት ብሎታል። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

መጀመሪያ የተሰማት፣ ሞኝ ልብ፣ ደስታ ነው። መጣ፣ እናቱን ይዞልኝ መጣ አለች በሆዷ። ቀጥሎ ነው የበረራ ወረቀቶቹን ያየችው። ቀጥሎ ደግሞ የፊቱን መቀያየር። በከሰዓት ፈረቃ እንደምትገባ ነበር የሚያውቀው። በጠዋቱ በረራ እናቱን ሸኝቶ ሊመለስ፣ እሷ ሳታይ ገብቶ ሳታይ ሊወጣ ነበር። ይህ ሲገባት ክው አለች።

ቡናማዋ ሻንጣ ማሽኑን አልፋ ጠረጴዛው ላይ መጣች። ያው ለምዶባት እጇ በራሱ ጊዜ ተነሳ። ገና ትከሻዋ ጋ ሳይደርስ እሱ ወደ እናቱ በጎን አየና ራሱን ነቀነቀ፤ ትንሽ፣ ከእሷ በቀር ማንም በማያየው መጠን። አትናገሪ ማለቱ ነው። እጇ አየር ላይ ትንሽ ቆየና፣ ኮፍያዋን ሊያስተካክል የተነሳ ይመስል ኮፍያዋን ነክቶ ወረደ። ሰው በሰላሙ ቀን እንዲህ ቅስሙ ይሰበራል ብላ አስባ አታውቅም።

ጋሽ ማሽን ሻንጣዋን ገና ስክሪኑ ላይ ለይተዋታል። የለመዱትን ቃል ጠበቁ፣ ጠበቁ፣ ሳይሰሙት ሲቀሩ ሳይዞሩ፣ "ሽቶ፣ ሰው ልቀይርሽ?" አሏት።

"አያስፈልግም፣ ጋሽ ማሽን" አለች። ድምጿ ቀጥ ያለ ነበር። "የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው።"

እሱ ይህን ሲሰማ በጥፊ የተመታ ያህል ፊቱ ተለወጠ። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ በዚያ አዳራሽ ከሷ ቀጥሎ የሚያውቅ እሱ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ እጇን እያነሳች የሰጠችውን ነገር፣ ይኸው አሁን በዚያው ጠረጴዛ ላይ መልሳ ወሰደችው። ጋሽ ማሽን ደግሞ ዓይናቸውን ከስክሪኑ አላነሱም፤ አላመኗትም ግን።

"ሻንጣው የእርስዎ ነው?" አለችው።

"አዎ" አለ።

"ልከፍተው ነው።"

አዲስ ጓንት አጠለቀችና ከፈተችው። ከቢጫው መስመር ኋላ ሆና ሌላ ሰው ሲያገላብጠው ብዙ ጊዜ አይታዋለች እንጂ፣ ከዚያች ከመጀመሪያዋ ቀን ወዲህ በእጇ ነክታው አታውቅም። ራሷ የመረጠችለት ሰማያዊ ሸሚዝ፣ የጄሶው መንጋጋ፣ የእናትየው የዓይን ጠብታ። ሸሚዙን አንስታ እንደ ማንም ሰው ሸሚዝ አጥፋ አስቀመጠችው። ከሥር በፎጣ ተጠቅልሎ አንድ ትልቅ የማርማላታ ጠርሙስ አለ፣ ክዳኑ ላይ አበባ የታተመበት ጨርቅ በክር ታስሮ።

"እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህ አያልፍም" አለቻቸው።

እናትየው እንደጠበቀችው ቀጥ ብለው ተሟገቷት። ማርማላታ ፈሳሽ ነው ያለው የትኛው መጽሐፍ ነው፣ ጠርሙሱ ሲገለበጥ የማይንቀሳቀስ ነገር እንዴት ከውሃ ይቆጠራል፣ ሲመጡ በጭነት ሻንጣ አልፎ አልነበረም ወይ አሉ። ሽቶ አልተሟገተችም። በጭነት ቢሆን ያልፍ እንደነበር፣ አሁን ግን ጭነታቸው ገብቶ እንዳለቀ ብቻ ነገረቻቸው። የአሮጊቷም ቀጥ ያለ ትከሻ ወረደ። ለካ እሳቸውም ደክሟቸው ኖሯል።

"ተይው በቃ" አሉ። "ድሮስ ይዤው መመለሴ ምን ያደርግልኛል። ለልጄ እጮኛ ብዬ ነው ከጓሮዬ ኮክ ለቅሜ የሠራሁት። ጠዋት ጠዋት ደረቅ ዳቦ እየገመጠች ነው ወደ ሥራ የምትሮጠው ሲለኝ አሳዘነችኝ። ዓይኔ እንዲህ ሆኖ ስኳሩን እንኳ የጨመርኩት በግምት ነው። መጥቼ ማታ ማታ ልብሴን ለባብሼ ጠበቅኳት። ዛሬም ሥራ በዛባት፣ ነገም ሥራ በዛባት ይለኛል። ኃላፊነት ላይ ያለች ልጅ ናት፣ አልፈርድባትም። ብትንቀኝ ነው።"

ሽቶ ጠርሙሱን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። እሷ የእህቷን ቀሚስ ለብሳ ስልኳን ስታይ፣ እኚህ ሴትዮ ደግሞ በዚያው ሰዓት ሌላ ቤት ውስጥ ለባብሰው በሩን ሲያዩ ነበር። አንዷን ደክሟታል፣ አንዷን ሥራ በዝቶባታል እያለ መሐል ላይ የቆመው አንድ ወንድ አፍ ስላጣ ሁለት ሴቶች ሲጠባበቁ ከረሙ። ሱሪውን ጨብጦ የቆመውን ሰው አየችው። አንገቱን ደፍቷል።

"እኔ ነኝ" ብትል ያበቃ ነበር፤ ቃሉ ጉሮሮዋ ድረስ መጥቷል። ግን እሷ የድርሻዋን ብዙ ጊዜ በሰው ፊት ተናግራለች። ይህኛው የእሷ ድርሻ አይደለም። ቢመራትም ዋጠችው።

"የናቀችዎት አይመስለኝም፣ እናቴ" አለች። "ምናልባት የሚያመጣት ሰው አጥታ ይሆናል።"

እናትየው ይህችን አባባል ልብ ያሏት አይመስልም። በእጃቸው ጠርሙሱን ወደ እሷ ገፋ አደረጉና፣ "የኔ ልጅ፣ እንኪ አንቺ ውሰጂው፤ የሰው ድካም ነው፣ ሜዳ ላይ አይቅር" አሏት። ፈታሽ ከመንገደኛ የቀረ ነገር መውሰድ እንደማይፈቀድለት ነገረቻቸው። "እንግዲያስ ጣይው" አሉና ፊታቸውን አዞሩ፤ ሲጣል ማየት አልፈለጉም።

ሽቶ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ቅርጫቱ ዞረች። ስንት ሎሽን፣ ስንት ሻምፖ፣ ስንት ማር ጥላበታለች፤ ለአንዱም አልሳሳችም። ለእሷ ተብሎ የተሠራ ነገር ግን በሕይወቷ ብዙ አልደረሳትም፤ ይህንኛውን በራሷ እጅ ልትጥለው ነው። ጎንበስ አለች።

"የማውቃት ናት።"

ድምፁ ስለከሰመ ማንም ልብ አላለውም። ደገመው፤ በዚህኛው ጊዜ ጮክ ብሎ። ስትዞር አንድ እጁ ሱሪውን እንደጨበጠ፣ ሌላው እጁ ወደ ላይ ተነስቷል፤ ልክ እሷ እንደምታደርገው።

"ጋሽ ማሽን፣ እሷ ይህን ሻንጣ መፈተሽ አይገባትም" አለ። "የማውቃት ናት። እያወቀችኝ ነው አላውቀውም ያለችው፣ እኔ ነኝ ዝም በይ ያልኳት።" ከዚያ ወደ እናቱ ዞረ። "እማዬ፣ ያቺ ልጅ ይቺ ናት። ሥራ በዝቶባት አይደለም የቀረችው፤ እሷም ማታ ማታ ለብሳ ስትጠብቅ ነበር። ኃላፊ አይደለችም፣ ሻንጣ ነው የምትፈትሸው። አፍሬ ነው ያልነገርኩሽ። አሁን የማፍረው በራሴ ነው።"

የእርጎው ሰውዬ አንድ ጫማውን እንዳጠለቀ ሌላውን በእጁ ይዞ ቀረ። ከኋላ አንዱ "አውሮፕላኑ ሊያመልጠን ነው እኮ" ሊል ሲጀምር ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችውና ዝም አለ።

ጋሽ ማሽን ሻንጣ የሚያሳልፈውን ጥቁር የማሽን ጎማ አቆሙትና ከወንበራቸው ዞሩ። "ሽቶ" አሉ፣ "ወደ መስመሩ ኋላ። ስለ ዋሸሽኝ ነገር ነገ እንነጋገራለን።" ሽቶ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አኑራ፣ ጓንቷን አውልቃ፣ ከቢጫው መስመር ኋላ ቆመች። ሌላ ፈታሽ መጥታ በቦታዋ ተተካች።

እናትየው ልጃቸውን አላዩትም። ጥቁር መነጽራቸውን ቀስ ብለው አወለቁና በደህናው ዓይናቸው ሽቶን ያዩዋት ጀመር፤ ኮፍያዋን፣ ያበጠ እግሯን፣ የተጨማደደ ጣቷን። ብዙ ተማሪ ያስፈራ ዓይን ነው። ሽቶ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለች። ልትሰደብም ተዘጋጅታ ነበር፤ መሰደብ አዲሷ አይደለም።

"ዳቦ ይዘሻል?" አሏት።

የሰማችውን ተጠራጠረች። ግራ እንደተጋባች እጇን ኪሷ ከታ በሶፍት የተጠቀለለውን ግማሽ ዳቦ አውጥታ አሳየቻቸው።

እናትየው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ልጃቸው ቢያንስ በዚህች አልዋሸም። ወደ ጋሽ ማሽን ዞረውም በዚያ በትምህርት ቤት ድምፃቸው፣ ወረፋ ላይ ሳሉ ለእርጎው ሰውዬ ሲነገረው የሰሙትን ጠየቁ። የማያልፍ ነገር እዚሁ ይበላል አይደል? ጠርሙሱ ገና አልተጣለም፤ የእሳቸው ነው። ለማን እንደሚያበሉት የሚከለክል ደንብ አለ? ጋሽ ማሽን አንገታቸውን አከኩ፣ አሰቡ፣ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ስክሪናቸው መለሱ። "እኔ የማየው ሻንጣ ነው፣ እትዬ" አሉ። "ሰው ምን እንደበላ እዚህ ላይ አይወጣም።"

እናትየው ክሩን ፈቱ። ክዳኑ ጠብቆ እምቢ ሲላቸው ልጃቸው ሊያግዝ እጁን ዘረጋ፤ ሳያዩት በክርናቸው መለሱትና ራሳቸው ከፈቱት። ቢላዋ ጠየቁ። በሰው ቢላዋ የተሞላ ሳጥን እዚያው ሥር እንዳለ፣ መንካት ግን እንደማይቻል ተተኪዋ ፈታሽ እየሳቀች ነገረቻቸው። ስለዚህ ዳቦውን ከሽቶ እጅ ወስደው፣ ጠርሙሱ ውስጥ ነክረው፣ በመስመሩ ላይ ዘርግተው ሰጧት።

"ብዪ" አሉ። "ማታ ማታ የጠበቅኩሽ ይህን ላበላሽ ነው።"

ተቀበለች። ገመሰች። ከማለዳው ጀምሮ ጥርሷን ነክሳ ኖሮ መንጋጋዋ ሲላቀቅ አመማት፣ እንባዋም አብሮ መጣ። የሚያለቅስ መንገደኛ ስታባብል የኖረች ሴት፣ ዛሬ ወረፋ ሙሉ ሰው እያያት ዳቦ በማርማላታ እየበላች አለቀሰች። ደስታ ነው እንዳይባል ልቧ ገና ቁስል ነው፤ ኀዘን ነው እንዳይባልም አፏ ጣፍጦታል።

እሱ ወደ መስመሩ ጠጋ አለ። ስመለስ ሁሉን አስረዳሻለሁ ሊላት አፉን ሲከፍት፣ ሳታስጨርሰው እጇን አነሳች።

"ስትመለስ ትነግረኛለህ። አሁን ደክሞኛል" አለችው። እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። "ቀበቶህን እሰር፣ ሰው እየጠበቀ ነው።"

ይቅርታ አልነበረም። ግን "የእርስዎ ነው?" ብላ ሻንጣውን ከከፈተችበት ሰዓት ወዲህ በ"አንተ" ያነጋገረችው የመጀመሪያ ቃሏ ነውና፣ እሱ እንደ ይቅርታ ተቀብሎት ቀበቶውን አሰረ።

ጎማው እንደገና መሽከርከር ጀመረ። ጠርሙሱን ተተኪዋ ፈታሽ ወደ ቅርጫቱ አወረደችው፤ እናትየው ዞር ብለው አላዩትም። በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ጥቂት ከሄዱ በኋላ ግን ቆም አሉና ከመንገደኛው ራስ በላይ፣ "ስኳሩ በዛ እንዴ?" ብለው ጠየቋት።

በዝቷል። ጥርስ ያማል፤ የጥርስ ሐኪም እናት የሠራችው አይመስልም።

"ልክ ነው፣ እናቴ" አለች።

በዚያ ቀን የዋሸችው ሁለተኛ ውሸቷ ነበር። የመጀመሪያው እስካሁን ደረቷ ላይ ድንጋይ ሆኖ ተቀምጦባታል፤ ይሄኛው ግን ከዳቦው ጋር አብሮ ወረደላት።